ከቤት ሲርቁ የሲጋር እርጥበት አጠባበቅ በመሃል አዲስ አበባ

ሲጋር ተጠቅልሎ የተሠራ የትምባሆ ቅጠል ነው። ጠባዩ ከእንጀራ ብዙ አይርቅም፤ ሜዳ ላይ ከተተወ ይደርቃል፣ እርጥብ ቦታ ከታፈነ ይሻግታል። ሳይበላሽ ለመቆየት ከ65 እስከ 72 በመቶ የሚሆን አንጻራዊ እርጥበትና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን አየር ይዞ የሚያቆየው ሳጥን ሁሚዶር ይባላል። ቤት ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ለመስክ ሥራ፣ ለበዓል ወይም ለውጭ አገር ጉዞ ሻንጣውን ሲያነሳ ነው። በአማርኛ ደህና ጽሑፍ ስላላገኘሁ ይህን ያሰናዳሁት ከአምራቾች መመሪያ፣ ፒያሳ ቤቴ ካለው የእርጥበት መለኪያና ኩባ ተምሮ ከመጣ አንድ ጎረቤቴ ጨዋታ ነው።

ትምባሆ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ገጠር ውስጥ በጋያ ሲጨስ፣ በሱረት መልክ ሲሳብ ኖሯል። አፄ ዮሐንስ አራተኛም አጥብቀው እንደከለከሉት ተጽፏል።

የኩባው ዘመን ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። በ1970 ዓ.ም. የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ሆነው የሶማሊያን ወረራ ተዋግተዋል። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የዚያ ወንድማማችነት ምስክር ነው። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የወጣቶች ደሴት በምትባለው የኩባ ደሴት ተምረዋል። ጎረቤቴ ከእነሱ አንዱ ነው። እዚያ ሲጋር በሸሚዝ ኪስ ተይዞ ቢዋልም ለስላሳ እንደሆነ ይቆይ ነበር ይላል፤ የኩባ አየር በተፈጥሮው እርጥብ ነውና። የያዛቸውን ሲጋሮች ይዞ አዲስ አበባ የገባው በጥቅምት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የላይኛው ቅጠል ተሰነጠቀ። በጣቱ ጫን ሲያደርገው እንደ ዳቦ ቆሎ ተንኮሻኮሸ። የላይኛው ቅጠል አንዴ ከተሰነጠቀ ሲጋሩን ማንም አያድነውም።

ምክንያቱ የከተማችን አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ይተናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐዩ ደረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ይረጥባል። ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በየካቲት የሚመጣ እንግዳ የሚያገኘው ደረቁን አየር ነው። የሆቴል ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ሲጋር በሁለት ቀን ውስጥ መልኩ ይለወጣል። በሌላ በኩል ቅዝቃዜያችን ትልቅ ጸጋ ነው። ሲጋር የሚበሳው የትምባሆ ጥንዚዛ እንቁላል በደንብ የሚፈለፈለው ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ድሬዳዋ ወይም አፋር ሲጋር የሚይዝ ሰው ይህን ይፈራል፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን ቤቱ ራሱ ጓዳ ይሆንለታል።

ለጉዞ ከሁሉም የሚሻለው አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን ላስቲክ ያለውና በአራት ጎን የሚቆለፈው መርካቶ ሞልቷል። ውስጡ እርጥበትን የሚሰጥም የሚወስድም ፓኬት ይቀመጣል። ቦቬዳ የሚባለው በሰፊው ይታወቃል። 8 ግራሙ ለአምስት ያህል ሲጋር፣ 60 ግራሙ ለ25 ያህል ይበቃል። ፓኬቱ ደርቆ ድንጋይ ሲሆን ይለወጣል። እርጥበቱን 65 በመቶ ላይ የሚያቆየው ፓኬት ይሻላል ወይስ 69 ላይ የሚያቆየው በሚለው ሰው አይስማማም። ለእኛ ከተማ እኔ የምመርጠው 65ን ነው፤ በክረምት ከሻጋታ ይበልጥ ያርቃል። ስፖንጅ የሚጠቀም የቧንቧ ውሃ አያስነካው፤ ማዕድኑ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ተንኖ የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ያስፈልጋል። የድንች ወይም የፖም ቁራጭ ማስገባት ከድሮ የመጣ ልማድ ነው፤ ሲጋሩን ያሻግተዋል።

መለኪያውም መፈተሽ አለበት። በጠርሙስ ክዳን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጎ በጥቂት ጠብታ ውሃ ማራስ ነው፤ ጨው እንደ ሊጥ ይሁን እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር ዚፕ ባለው ፌስታል ታሽጎ አንድ ቀን ይደር። ትክክለኛ መለኪያ 75 ያነባል። የኔው 71 አነበበ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አራት እጨምርበታለሁ።

በአውሮፕላን ሲጓዙ ሌላ ነገር አለ። የመንገደኞች ክፍሉ አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ግፊቱ ግን ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም፤ የክፍሉ ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነውና። ስለዚህ ከቦሌ የተዘጋ ዕቃ ሰማይ ላይ አይነፋም። ጅቡቲ ሲደርስ ግን ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ባዶ የውሃ ላስቲክ እንደሚጨማደደው ማለት ነው። የግፊት ማስተንፈሻ ያለው ጠንካራ ሳጥን ይህን ያቀለዋል። ሲጋሩ በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ይመረጣል። ለዘመድ ከሚላክ በርበሬና ቅቤ ጋር ከታጨቀ ሽታውን ይጠጣዋል። ናፍታሌን ያለበት ሻንጣም እንደዚያው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በመጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ስለዚህ መሃል ከተማ የያዘ ሰው ውጭ እስኪወጣ ድረስ ምሳ ዕቃው ውስጥ ያቆየዋል።

ቤት የሚቀረው ሲጋር ለወር ያህል ያለ ጠባቂ ይቆያል፤ ሁለት አዲስ ፓኬት ተጨምሮለት፣ ፀሐይ ከማይነካው ቁምሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው መኖሪያው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሁሚዶር መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚቆም ለረጅም ጉዞ አልመክረውም። ፍሪጅም አይሆንም፤ ያደርቃል። የጥድ የሚመስል ሽታ ያለው ሴድሮ የሚባል እንጨት ሽፋን ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም፣ ግን ግዴታ ላይሆን ይችላል። ሲመለሱ የደረቀ ካገኙ በአንድ ጊዜ አያርሱት፤ ውስጡ ቀድሞ ካበጠ የላይኛው ቅጠል ይቀደዳል። በ65ቱ ፓኬት ሦስትና አራት ሳምንት ይቆይ፣ በየሳምንቱም በጣት ጫን እያሉ ይዩት።