ክሊፕቦርድ ምንድን ነው? ኮፒ ያደረግነውን የሚይዘውስ ማን ነው?

«ክሊፕቦርድ ኮፒ ያደረግነውን ለጊዜው የሚያስቀምጥ የኮምፒውተር ሚሞሪ ነው።» ይቺን ዓረፍተ ነገር እዚህ ደብረ ብርሃን በሥልጠና ማስታወሻዎች ላይ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ እሷኑ ይዞ «ሊኑክስ ኮፒ እንኳ በቅጡ አያደርግም» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ኤዲተሩን ዘጋ። ሌላ ቦታ ፔስት ሲል ምንም የለም።

ያየው ነገር እውነት ነው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ክሊፕቦርዱ አላጠፋበትም፤ መጀመሪያውኑ ምንም አላስቀመጠም።

ወንድሜ የለመደው ዊንዶውስን ይመስለኛል። እዚያ ሲስተሙ ዳታውን ተረክቦ ይይዛል። በሊኑክስ ላይ የፕሮግራሞችን መስኮት ስክሪን ላይ እያሳየ ለረጅም ዘመን የሠራው ኤክስ 11 (እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው) እንደዚያ አይደለም። ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ ጽሑፉ የትም አይሄድም። ፕሮግራሙ «ክሊፕቦርዱ የኔ ነው» ብሎ ያስመዘግባል፣ በቃ።

የመንዝን ባና አስቡ። መሐል ሜዳ ያለ ሰው ደብረ ብርሃን ገበያ ላለ ደላላ «ባና አለኝ» ይለዋል። ደላላው ኤክስ ነው፣ የባናው ባለቤት ኮፒ ያደረጋችሁበት ፕሮግራም። ደላላው እጅ ላይ ባና የለም፤ የያዘው የባለቤቱን ስም ብቻ ነው። ገዢ ሲመጣ ባለቤቱን ይጠራል። ገዢው መጀመሪያ «በምን በምን መልክ አለህ?» ይላል። ባለቤቱ «የበግ ፀጉሩም አለ፣ ፈትሉም አለ፣ ተሸምኖ ያለቀውም አለ» ይላል። ገዢው የሚሆነውን ይመርጣል። ከብሮውዘር ኮፒ ያደረጋችሁት ጽሑፍ ዶክመንት ላይ ከነቀለሙ፣ ተርሚናል ላይ ግን ራቁቱን የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ጠያቂው የተለያየ መልክ መርጦ ነው።

ባለቤቱ ቤቱን ዘግቶ ከሄደ ደላላው ምን ያድርግ? ኤዲተሩን መዝጋት ማለት ይኸው ነው። ሌላ ሰው መጥቶ «አሁን እኔ ጋ ነው ያለው» ካለ ደግሞ የፊተኛው ስም ይሰረዛል። ደላላው ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ነው የሚይዘው።

አሠራሩ ሞኝነት አይደለም። ኤክስ ፕሮግራሙ በአንድ ማሽን፣ ስክሪኑ በሌላ ማሽን እንዲሆን የሚፈቅድ ሥርዓት ነው። ማንም ፔስት የማያደርገውን ትልቅ ምስል በኔትወርክ ማጓጓዝ ኪሳራ ነው። የኤክስ ምትክ በሆነው በአዲሱ ዌይላንድም መሠረቱ ያው ነው፦ ዳታው ባለቤቱ ጋ ይቆያል።

«እኔ ስሞክረው ግን አልጠፋም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ብዙ ዴስክቶፖች ክሊፕቦርድ ማኔጀር አላቸው። እሱ መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው፤ ከባለቤቱ ተረክቦ በራሱ ስም ያስመዘግባል። ግን ተጠንቀቁ። ታሪክ የሚይዝ ማኔጀር ፓስወርዳችሁንም ሊይዝ ይችላል። «ፓስ» የተባለው የፓስወርድ ፕሮግራም ኮፒ ያደረገውን በ45 ሰከንድ ውስጥ የሚያጠፋው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ትእዛዝ መስመር እንምጣ። አንድ ፋይል በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ኤክስክሊፕ ወደተባለው የኮፒ ትእዛዝ ስትልኩ ትእዛዙ ወዲያው ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ፒኤስ በተባለው ትእዛዝ ብታዩ ኤክስክሊፕን ከጀርባ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ባለቤት መኖር አለበትና እሱ ራሱ ባለቤት ሆኖ ጠያቂ ይጠብቃል። ሌላ ነገር ኮፒ ስታደርጉ ያኔ ይወጣል። በዌይላንድ ላይ ደብሊውኤል-ኮፒም እንዲሁ ነው። «ይሄ ፕሮሰስ ተረስቶ ነው» ብላችሁ ከገደላችሁት ኮፒያችሁም አብሮ ይሄዳል።

«ኤክስክሊፕ አይሠራም» የሚለው ሌላው አቤቱታ ነው። ይሠራል። ደላላው፣ ማለትም ኤክስ፣ ከአንድ በላይ መዝገብ አለው። ፕራይመሪ የሚባለው በማውስ ያቀለማችሁትን ይመለከታል፤ ፔስት የሚደረገው በመሐለኛው የማውስ ቁልፍ ነው። ክሊፕቦርድ የሚባለው የኮንትሮል ሲ እና የኮንትሮል ቪ ነው። ኤክስክሊፕ ካልነገራችሁት በስተቀር ፕራይመሪ ላይ ያስመዘግባል። «ሰረዝ ሰሌክሽን ክሊፕቦርድ» ብላችሁ ጨምሩለት።

ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ገብቶ ማዘዣ) ገብቶ ኤክስክሊፕ ማዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ዲስፕሌይ መክፈት አልቻልኩም» ይላችኋል፣ እውነቱን ነው። ስክሪንም ገበያም የሌለበት አገር ነው። እዚያ የሚያዋጣው ኦኤስሲ 52 ነው። በሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ልዩ የፊደል ቅደም ተከተል ያትማል፤ እናንተ ፊት ያለው ተርሚናል ያንን አንብቦ በእናንተ ማሽን ላይ ኮፒ ያደርጋል። ሁሉም ተርሚናል አይቀበለውም። አንዳንዶቹ ዘግተውት ነው የሚመጡት፤ የማታምኑት ሰርቨር ክሊፕቦርዳችሁ ላይ የፈለገውን እንዳይጽፍ ነው።

ለፔስትም አንድ ነገር ልበል። ኤኮ የተባለው ጽሑፍ የሚያትም ትእዛዝ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ይጨምራል፤ ኢንተር እንደመጫን ነው። ያንን ኮፒ አድርጋችሁ ተርሚናል ላይ ፔስት ስታደርጉ፣ ትእዛዝ ተቀባዩ ሼል መከላከያ ከሌለው ትእዛዙ ሳታነቡት ይሄዳል። የሚሰርዝ ትእዛዝ ከሆነ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ካልነገራችሁት አዲስ መስመር የማይጨምረውን ፕሪንትኤፍ ተጠቀሙ።

በአማርኛ የምትሠሩ ዊንዶውስ ተጠቃሚዎችም አላችሁ። በዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 (የዊንዶውስ ትእዛዝ መስመር) «ሰላም» የሚለውን በፓይፕ ክሊፕ ወደተባለው የኮፒ ፕሮግራም ብትልኩ ፔስት ስታደርጉ ሦስት የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ፊደላችን አልተበላሸም፣ ፎንትም አልጎደለም። ፓወርሼሉ ወደ ውጭ ፕሮግራም ሲልክ የሚጠቀመው አስኪ የተባለውን የድሮ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ ነው፤ አስኪ ደግሞ ግዕዝን አያውቅም። በክሊፕ ፋንታ የራሱን ሴት-ክሊፕቦርድ እዘዙ። ፓይፑ ከፓወርሼል ስለማይወጣ «ሰላም» ሰላም ሆኖ ይወጣል።