አሸንዳ፦ የሰሜን ጎንደር ደጋ የዱር አበባ

አሸንዳ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ እየቆየ ከዓመት ዓመት የሚያቆጠቁጥ የዱር አበባ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ሲሆን፣ «ፎሊዮሳ» በላቲን ቅጠላም ማለት ነው። ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ደባርቅ ዘልቆ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣ መንገደኛ ርጥበት በሚይዙ የሣር ተዳፋቶች ላይ ያገኘዋል።

ብዙ ሰው ተክሉን ለመለየት የሚያየው አበባውን ነው፤ ይሁን እንጂ ቀለሙ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማና ቀይ ስለሚለያይ ብቻውን አያስተማምንም። ከቅጠሉ መጀመር ይሻላል። ቅጠሎቹ ከመሬት ተጠጋግተው የሚወጡ፣ ረጃጅምና ወደ ጫፋቸው የሚሾሉ ናቸው፤ መሃላቸው ጎድጎድ ያለ በመሆኑ የዝናብ ጠብታ በዚያው ቦይ ተንከባሎ ወደ ግርጌው ይወርዳል። የቤት ጣራ አሸንዳን የሚያውቅ ሰው ምስስሉ ወዲያው ይታየዋል፤ ስሙ ከዚያ መጣ ለማለት ግን አያስደፍርም።

ከቅጠሎቹ መካከል ወፍራም አገዳ ይወጣና ጫፉ ላይ ቱቦ መሰል ትናንሽ አበቦች እንደ በቆሎ ራስ ጥቅጥቅ ብለው ይደረደራሉ። የታችኞቹ ቀድመው ስለሚፈኩ፣ የእነርሱ ወንዴ ዘር ከቱቦው ወጥቶ ሲታይ የላይኞቹ ገና እንቡጥ ናቸው። የአበባ ወለላ የሚመጡ ትናንሽ ወፎች አገዳው ላይ ተንጠልጥለው በቀጭን መንቁራቸው ሲቀስሙ ማየት የተለመደ ነው።

በቅርብ የሚያሳስተው እሬት ነው፤ የእሬት ቅጠል ግን ወፍራም፣ ፈሳሽ ያዘለና ጠርዙ እሾሃማ ሲሆን፣ የአሸንዳ ቅጠል ስስና ቃጫማ ነው። ከሩቅ ደግሞ ጅብራ የተባለው ግዙፍ የደጋ ተክል ያደናግራል። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል፤ አሸንዳ ግን በየዓመቱ ያብባል።

ከብት ስለማይደፍረው ሣሩ በተጋጠበት ቦታ አሸንዳ ይበረክታል፤ ስለዚህ በአሸንዳ የቀላ ተረተር ሁልጊዜ ያልተነካ መሬት ነው ማለት አይደለም። በባህል ሕክምና ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ይውላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የኬሚስትሪ ተመራማሪዎቹ ኤርምያስ ዳኜ እና ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ከዚሁ ተክል ያገኙትን ንጥረ ነገር በተክሉ ስም ክኒፎሎን ብለውታል።