ሲኩዌል ምንድን ነው? የአክሽን ጌም «ፓርት ቱ» ጉዳይ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ብትገቡ አብዛኛው ጆይስቲክ ኳስ ላይ ነው። ጥግ ላይ ግን ሰይፍ የሚያወዛውዝ አንድ ልጅ አይጠፋም። የምናወራው የእሱን ጉዳይ ነው።

ሲኩዌል ማለት ከዚህ በፊት ከወጣ ጌም ቀጥሎ የሚመጣ ጌም ነው። እኛ ጋ «ፓርት ቱ» ይባላል፤ ሦስተኛም አራተኛም ቢሆን። ታሪኩ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ወይም ያው ጀግና ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ወደ ኋላ ሄዶ ከመጀመሪያው ታሪክ በፊት የሆነውን ካሳየ ፕሪኩዌል ነው። የድሮውን ጌም ምስሉን አጥርቶ ብቻ ሲያወጡት ሪማስተር ይባላል። ከመሠረቱ እንደ አዲስ ሲሠሩት ደግሞ ሪሜክ። እነዚህ ሁለቱ ሲኩዌል አይደሉም፣ ሻጩ ቢምልላችሁም። በየዓመቱ የሚወጣው የኳስ ጌምስ? እሱን ተዉት፣ ማልያ ቅያሪ ነው።

ፊልም ላይ ሲኩዌል የታሪክ ጉዳይ ነው። አክሽን ጌም ላይ ግን የእጅ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ጌም ቤት የሚከፈለው በሰዓት ነው። ገጸ ባሕሪዎቹ ወሬ ሲጀምሩ ሁሉም ስኪፕ ይላል። መብራት ሳይሄድም ሴቭ ላይ መድረስ አለ። ክራቶስ ለምን እንደተቆጣ ሳያውቅ ጎድ ኦፍ ዋርን የጨረሰ ስንት አለ! ጣቱ ግን የቱ በተን መቼ እንደሚጫን ያውቃል። ፓርት ቱ ሲመጣ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ጣት የተማረው ነገር ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ለወሎ ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም። አምባሰል ቅኝት ሁሌም አምባሰል ነው፣ ድምፆቹም አምስት ናቸው። ሁለት አዝማሪ ቢጫወቱት ግን ሁለት ዘፈን ትሰማላችሁ። ጥሩ ሲኩዌል ቅኝቱን ይዞ ዘፈኑን ይቀይራል። መጥፎው ወይ ያንኑ ዘፈን ይደግማል፣ ወይ ቅኝቱን ይሰብራል።

ዴቪል ሜይ ክራይን ውሰዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) የመጀመሪያው በ2001 ወጣ። የጌም ኩባንያው ካፕኮም ሬዚደንት ኢቭል 4 (የአስፈሪ ጌሙ አራተኛ ክፍል) ብሎ የጀመረው ሥራ ነበር፤ አካሄዱ ሲለይ ራሱን ቻለ። ፈጣን ነው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ስህተት አይምርም። ዳይሬክተሩ ሂደኪ ካሚያ ነበር። በ2003 ሁለተኛው ሲመጣ ካሚያ የለበትም፣ ሌላ ቡድን ነው የሠራው። ቦታው ሰፋ፣ ጠላቱ ላላ፣ ሽጉጡ ከልክ በላይ በረታ። ሩቅ ቆሞ አንድ በተን እየደበደቡ ብዙውን ማለፍ ይቻላል። ሰይፉ ሥራ ፈታ ማለት ነው። በምስል ከቀዳሚው ብዙ አይርቅም፣ ጀግናው ያው ዳንቴ ነው፣ እጅ ግን የሚሠራው አጣ።

ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ ተረክቦ የጨረሰው ሂደኪ ኢትሱኖ በ2005 ሦስተኛውን ሠራ። እንደዚያ ያለ ካሳ አይቼ አላውቅም! ፕሪኩዌል ነው፤ ዳንቴ ገና ጎረምሳ ሳለ ከወንድሙ ከቨርጂል ጋር ይፋጠጣል። አስቸጋሪነቱም ተመለሰ፣ እንዲያውም ባሰ። አዲሱ ነገር ስታይል የሚሉት ነው፦ በመሸሽ፣ በሰይፍ፣ በሽጉጥ ወይም በመመከት የምትጎብዝበትን መንገድ ራስህ ትመርጣለህ። የድሮው የጣት እውቀት አልተጣለም፣ ሥራ ተጨመረለት። አራተኛው በ2008 ግማሽ መንገድ ላይ ሰነፈ። አዲሱ ጀግና ኔሮ ያለፈባቸውን ቦታዎች ዳንቴን ወደ ኋላ ያስኬደዋል፣ ያንኑ ሰፈር።

ሌላው ጣጣ የጀግናው ጉልበት ነው። መጀመሪያው ጌም ሲያልቅ ሁሉን ኃይል ሰብስቧል። ታዲያ ሁለተኛው ላይ ምን ይሰጠዋል? ብዙዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ባዶ እጁን ያስጀምሩታል። ጎድ ኦፍ ዋር 2 ግን አልሸሸም። በ2005ቱ ጌም መጨረሻ ክራቶስ የጦርነት አምላክ ሆኗል። በ2007ቱ አምላክ ሆኖ ይጀምራል፣ ከሮድሱ ግዙፍ ሐውልት ጋርም ይገጥማል። ዜኡስ አታሎ ኃይሉን ሁሉ ሰይፍ ውስጥ ያስከትተዋል፣ ከዚያ በዚያው ሰይፍ ይወጋዋል። ጉልበቱ ሲሄድ እያያችሁ ስለሆነ እንደገና መጀመሩ አይቆጭም፣ ይልቅ ያናድዳል። መናደዱ ደግሞ ለዚህ ጌም የግድ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ወጥቶ እያለ በ2 ላይ መውጣቱም አሮጌዋን ማሽን ለያዘ ጌም ቤት ሲሳይ ነበር።

የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ሕጌን ያፈርሳል። ካሜራው ትከሻው ላይ ተለጠፈ፣ እንደ ልብ መዝለል ቀረ፣ በሰንሰለት ስለቶቹ ፋንታ መጥረቢያ መጣ። ቅኝቱ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፤ እንደዚያም ሆኖ ድንቅ ነው። እኔ ግን ሲኩዌል ሳይሆን ሌላ መጀመሪያ ነው የምለው፤ ስሙ ላይም ቁጥር አልጻፉበትም። እውነተኛው ፓርት ቱ በ2022 የወጣው ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ነው። መጥረቢያውንም ስለቶቹንም ከመነሻው ያስታጥቅሃል፣ የተማርከውን እንድትረሳ አይጠይቅህም።

ዴቪል ሜይ ክራይን ገና ልትጀምሩ ከሆነ አብሽሩ፣ ከ3 ግቡ። በታሪክ ቀዳሚው እሱ ስለሆነ ምንም አያመልጣችሁም። 2ን ግን ሰዓት ከፍላችሁ አትንኩት።