የሰው ሀብት ሥራ አመራር ምንድን ነው?

የአንድ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ከምርት ክፍል የመጣውን «ሃያ ሠራተኛ ይቀጠርልን» የሚል ጥያቄ ያነብና በደብዳቤው ኅዳግ ላይ «ለሰው ኃይል፤ ይፈጸም» ብሎ ይመራዋል። ከዚያ በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊው ማስታወቂያ ያወጣል፣ ፈተና ያዘጋጃል፣ የቅጥር ደብዳቤ ያስጽፋል፣ በመጨረሻም የአዲሱን ሠራተኛ የግል ማኅደር ከፍቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። «ሃያ ሰው ለምን አስፈለገ? ዓምና የቀጠርናቸውስ የት ሄዱ?» ብሎ መጠየቅ ግን የእርሱ ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም፤ ጉዳዩ እጁ የሚገባው ከተወሰነ በኋላ ነውና።

የሰው ሀብት ሥራ አመራር ማለት አንድ ድርጅት የሚያስፈልገውን ሰው የሚያቅድበት፣ የሚመርጥበት፣ የሚያሠለጥንበት፣ ደመወዙን የሚወስንበት፣ አፈጻጸሙን የሚመዝንበትና በሕግ አግባብ የሚያሰናብትበት አሠራር ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ የቀድሞዎቹ «ፐርሶኔል» ያሉት ክፍል የሠራተኛ አስተዳደር፣ ከዚያም የሰው ኃይል አስተዳደር ተብሎ «የሰው ሀብት» ላይ ደርሷል፤ በግል ኩባንያዎች ያሉ ወጣቶች ደግሞ በአጭሩ «ኤችአር» ይሉታል። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተቀይሮ ውስጡ ያው የሰዓት ፊርማ መቆጣጠሪያ ሆኖ የቀረበት መሥሪያ ቤት ግን ጥቂት አይደለም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዴቭ ኡልሪች በ1997 እ.ኤ.አ. የኃላፊውን ድርሻ በአራት ሲከፍሉ የአስተዳደሩን ሥራ አልሰረዙትም፤ የስትራቴጂ አጋርነትን (የድርጅቱን አቅጣጫ አብሮ መወሰንን)፣ የለውጥ መሪነትንና ለሠራተኛው መቆምን ከጎኑ አስቀመጡ እንጂ።

የተወሰነውን ብቻ በሚያስፈጽም ኃላፊና በውሳኔው በሚሳተፍ ኃላፊ መካከል ያለው ልዩነት በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጎልቶ ታይቷል። ፋብሪካዎቹ ሥራ በጀመሩባቸው ዓመታት፣ አብዛኞቹ ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች የሆኑት ሠራተኞች በብዛት ይለቁ ነበር። የሰዓት መዝገብ ብቻ የሚያይ ኃላፊ እዚህ ላይ የሚታየው ያለ ፈቃድ መቅረት ነው፤ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ በለቀቀችው ምትክ ሌላ ይቀጥራል። ደመወዙን ከከተማው የቤት ኪራይ ጋር ያስተያየ ኃላፊ ግን አንዲት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ እየኖረች እንኳ ወር ለመድረስ እንደምትቸገር ይረዳል። በስፌት መስመር ላይ አንድ መኪና ባዶ ሲሆን ቀጥላ ያለችው ሠራተኛ ሥራ ትፈታለች፤ ስለዚህ የኪራይ ጉዳይ የምርት ጉዳይ ነው። ይህን ስሌት ይዞ፣ የደመወዝ መነሻና የፈረቃ መውጫ ሰዓት ከመወሰኑ በፊት፣ ከፋይናንስና ከምርት ኃላፊዎች ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው የዛሬው የሰው ሀብት መሪ የሚባለው።

የሠራተኛ ቅነሳም እንዲሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ቅነሳ ከማድረጉ በፊት ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ ይታከላል፤ በቅነሳ ለሚሰናበት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ስድስት ወር ያህል ደመወዝ ተቀብሎ ይሄዳል ማለት ነው። ውሳኔውን ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት መምሪያ» ከሚለው መስመር የሚሰማ ኃላፊ ይህን ወጪ ለማስታወስ ጊዜው አልፎበታል።

የጡረታ መዋጮውን፣ ማለትም የሠራተኛውን 7 እና የአሠሪውን 11 በመቶ፣ አሁን የደመወዝ ሶፍትዌር ያሰላዋል፤ ሰዓት ፊርማውንም የጣት አሻራ ማሽን ተረክቦታል። ለኃላፊው የተረፈው ከባዱ ክፍል፣ በእኔ እምነት፣ በአንድ ጊዜ የአመራር አባልም የሠራተኛው ተሟጋችም መሆን ነው። ሠራተኛው «ኤችአር የማን ወገን ነው?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ የኃላፊውን ደመወዝ የሚከፍለው ያው አሠሪው ነው። የሰው ሀብት መምሪያ የቱንም ያህል ቢበረታ የሠራተኛ ማኅበርን ቦታ ሊተካ የማይችለውም ለዚህ ነው።