ትራፔዚየም ወይስ ትራፔዞይድ?

ባለ አራት ጎን ቅርጽ ነው። ሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ ናቸው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን አይደሉም። እንግሊዞች ይህን ትራፔዚየም ይሉታል፤ አሜሪካኖች ደግሞ ትራፔዞይድ። ተማሪን ግራ የሚያጋባው ሌላው ነገር ነው፦ በአሜሪካ ትራፔዚየም ሲባል ምንም ትይዩ ጎን የሌለው ቅርጽ ነው። ስሞቹ ተገለባብጠዋል ማለት ነው።

የቃሉ ሥር የግሪኩ "ትራፔዛ" ነው። የኛ "ጠረጴዛ"ም የመጣው ከዚሁ ቃል ነው፤ እኔ ይሄን ዝምድና በጣም እወደዋለሁ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ፕሮክለስ ትራፔዚየምን የተጠቀመው ትይዩ ጎኖች ላሉት ቅርጽ ነበር። በ1795 እ.ኤ.አ. የእንግሊዛዊው ቻርልስ ኸተን የሒሳብ መዝገበ ቃላት ግን ትርጉሞቹን ገልብጦ አወጣ። እንግሊዞች ኋላ ላይ ወደ ጥንቱ ተመለሱ፤ አሜሪካኖች በተገለበጠው ቀጠሉ።

እንደ ኤስኤቲ ላለ የአሜሪካ ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ፣ ትራፔዞይድ ሲላችሁ ትይዩ ጎኖች ያሉትን ሣሉ። የስፋቱ ቀመር ያው ነው፦ ትይዩዎቹን ደምሩ፣ ለ2 አካፍሉ፣ በከፍታው አባዙ። ትይዩዎቹ 6 እና 10 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው 4 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ስፋቱ 32 ካሬ ሳንቲሜትር ይመጣል።