«ሕጉ ወጥቷል እኮ!» ስለ ውሃችንና ስለ ዘላለማዊ ኬሚካሎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሥራዬ የውሃ ናሙና መውሰድ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ከቧንቧ ቧንቧ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ እዞራለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ ውሃችንና ውስጡ የሚገኙት ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች ላይ ያርፋል። ከዚያ አንድ ሰው አይጠፋም፦ «ኧረ እሱማ አለቀ! ሕጉ ወጥቷል እኮ!» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። መሰልቸቱስ ይቅር። የሚያሳስበኝ ይህን የሚሉት ሰዎች በዚያው ውሃ የልጅ ወተት የሚበጠብጡ መሆናቸው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ፒፋስ የሚባሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች ናቸው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ እድፍ የማይዝ ምንጣፍ፣ የነዳጅ እሳት የሚያጠፋ አረፋ ሲሠራባቸው ኖሯል። ካርበንና ፍሎሪን የተያያዙበት ማሰሪያ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ፀሐይም ባክቴሪያም በቀላሉ አይፈታውም። «ዘላለማዊ ኬሚካሎች» የተባሉት ለዚህ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገቡም ቶሎ አይወጡም። ከአንዳንዶቹ ግማሹ እንኳ ከደም እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል። ፒፎአ የሚባለውን ዓይነት የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2023 መጨረሻ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

«ሕጉ ወጥቷል፣ ውሃው ተጣርቷል»

የትኛው ሕግ? እዚህ ሚኒሶታ ሰው አፍ ላይ ያለው «የአማራ ሕግ» ነው። ስሙን ሲሰሙ ግር የሚላቸው አሉ። አማራ የልጅቷ ስም ነው። አማራ ስትራንዲ ኦክዴል ከተማ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረች ወጣት ናት። በ15 ዓመቷ ብዙም የማይታይ ዓይነት የጉበት ካንሰር ተገኘባት። ትምህርት ቤቷ ያለበት አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው በፒፋስ የተበከለ ነው። እየታመመች ሕግ አውጪዎቹ ፊት ቀርባ መሰከረች። 21 ዓመት ሊሞላት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2023 አረፈች። ሕጉ በዚያው ዓመት ጸደቀና በስሟ ተጠራ።

ይህን ሕግ በጣም አከብረዋለሁ። ግን የሚለው ምንድን ነው? ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸው 11 ዓይነት ዕቃዎች ሚኒሶታ ውስጥ አይሸጡም። ምንጣፍ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ መዋቢያ፣ የጥርስ ክር፣ የሕፃናት ዕቃ፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በ2032 ደግሞ ክልከላው ግድ አስፈላጊ ከተባለው በስተቀር ወደ ሁሉም ዕቃ ይሰፋል። በቃ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሱቅ መደርደሪያ ነው። አንድም ቧንቧ አያጣራም።

ወጥ ጨው ሲበዛበት የጨው ዕቃውን ብትከድኚው ድስት ውስጥ የገባው ጨው አይወጣም። ክዳኑ የሚጠቅመው ለነገው ወጥ ነው። የኛም ድስት ጨው የበዛበት ዱሮ ነው። 3ኤም የተባለው ኩባንያ እነዚህን ኬሚካሎች ኮቴጅ ግሮቭ በሚገኘው ፋብሪካው ሲያመርት ቆሻሻው ከሴንት ፖል በስተ ምሥራቅ ባሉ መጣያዎች ይቀበር ነበር። ከዚያ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሰረገ። ስቴቱ ኩባንያውን በ2010 ከሰሰ፤ በ2018 በ850 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። የዚያን አካባቢ ውሃ ለማጣራት ትልቁ ሥራ የሚሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። ውሃው አክቲቭ ካርበን በሚባል ከሰል በተሞሉ ታንከሮች ያልፋል፤ ከሰሉ ሲጠግብ ይቀየራል። ገንዘብ፣ ከሰልና የሰው ጉልበት ነው የሚያጣራው።

ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅም ይህንኑ ነበር የሚለኝ፦ «እኛ ጋማ ሕግ አለ።» አላቸው፤ በ2022 የወጣ፣ በካንሰር በሞተ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጆርጅ ዋልተር ቴይለር ስም የተጠራ። እሱም የሚያግደው አረፋውን፣ ምንጣፉንና የምግብ ማሸጊያውን ነው። ስለ ቧንቧው ውሃ መጠን አይደለም።

የውሃ መጠን ሕግ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ስቴቶቹ ከፌዴራሉ ቀድመዋል። የፌዴራሉ መንግሥት በ2016 ያወጣው 70 ናኖግራም በሊትር (ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው) ምክር ብቻ ነበር፤ ማንንም አያስገድድም። ኒው ጀርሲ በ2018 ለአንዱ ዓይነት ፒፋስ 13 ናኖግራም የሚል አስገዳጅ ገደብ አወጣች። ሚሺጋን በ2020 ለሰባት ዓይነቶች አወጣች። ኒው ዮርክ፣ ማሳቹሴትስ፣ ቨርሞንትና ኒው ሃምፕሻየር ሁሉም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የፌዴራሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገዳጅ ገደብ ያወጣው በ2024 ነው፦ ለፒፎአና ፒፎስ ለሚባለው ሌላ ዓይነት በሊትር 4 ናኖግራም። ስቴት ከዚያ በላይ ማጥበቅ ይችላል፤ ማላላት አይችልም።

አሁን ልብ በሉ። ያ ገደብ ለውሃ አቅራቢዎች እስከ 2029 ጊዜ ሰጥቷል። በሜይ 2025 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ቀኑን ወደ 2031 ለመግፋትና ለሌሎቹ ዓይነቶች የወጡትን ገደቦች ለማንሳት ማሰቡን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ 9 ናኖግራም የሚገኝበት የቧንቧ ውሃ ቢሆን በፌዴራሉ ገደብ አጥፍቷል አይባልም። «ሕግ ወጥቷል» ያለችው እናት ግን ዛሬ ማታ ነው ጡጦውን የምትሞላው።

«ታዲያ ሕጉ ምን ይሠራል?» የሚሉኝ አሉ። ብዙ ይሠራል! የዕቃው ሕግ ምንጩን ይዘጋል፤ የውሃው ሕግ አቅራቢው እንዲመረምርና ውጤቱን እንዲነግራችሁ ያስገድዳል። ግን የተነገረውን ማንበብ የናንተ ፋንታ ነው።

«4 ናኖግራም ምን አላት?»

በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ናሙና ልወስድ ስሄድ ዝናብ የማያስገባውን ጃኬቴን መኪና ውስጥ ትቼ እወጣለሁ፣ በበረዶ ቀንም ቢሆን። የእጅ ቅባት አልቀባም። ጓንት አደርጋለሁ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አፈሰዋለሁ፣ ሩብ ሊትር በምትይዘው ፕላስቲክ ጠርሙስ እቀዳለሁ፣ ክዳኑን መሬት አላስነካም። ከልብሴ የሚነሳው ብናኝ እንኳ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል። ትንሽ ነው፣ ግን በየቀኑ ይጠጣል፣ ቶሎም አይወጣም።

«አፍልቼ ነው የምጠጣው»

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ በመጀመሪያው ማታ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልታ ጣደች። «ጀርሙ ይሙት» አለችኝ። ለጀርም ልክ ናት፤ እኔንም ከታይፎይድ ጠብቃ ያሳደገችኝ በዚያ ድስት ነው። ፒፋስ ግን ሕይወት የለውም፣ አይሞትም። ከእንፋሎቱ ጋርም አይሄድም። 5 ሊትር ጥደሽ 4 ሊትር ሲቀር፣ በ5ቱ የነበረው ፒፋስ በ4ቱ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ሊትር በሩብ ይብሳል። ነገርኳት። ድስቱን አወረደችና «እና ምን ይደረግ?» አለች። ትክክለኛው ጥያቄ ይኼ ነው።

«ፊልተር አለኝ»

ምን ዓይነት? አንድ ወዳጄ ፍሪጁ ውስጥ ያለውን የማጣሪያ ጆግ በኩራት አሳየኝ። ካርትሪጁ ሁለት ዓመት አልተቀየረም። ከሰል ሲጠግብ ማጣራቱን ያቆማል። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ (NSF) 53 ወይም 58 የሚል የማጣሪያ ጥራት ማረጋገጫ ፈልጉ፤ ፒፋስን እንደሚቀንስም በግልጽ ይጻፍበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ከማጠቢያው ሥር የሚገጠም ጥሩ ይሠራል። የሚቀየርበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ሙሉ።

«ፍሎራይድ ማለት አይደል?» አይደለም። ወንጂና ስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ያውቀዋል፤ እሱ ከዓለቱ የሚመጣ ማዕድን ነው። ፒፋስ ፋብሪካ የሠራው ነው። ማፍላት አለማስወገዱ ግን ያመሳስላቸዋል።

«ውሃዬ ሽታም ጣዕምም የለውም።» አዎ፣ ፒፋስ ቢኖርበትም አይሸትም፣ አይቀመስም።

«የታሸገ እገዛለሁ።» የታሸገ ውሃን የሚቆጣጠረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የቧንቧው ገደብ በቀጥታ አይመለከተውም።

«ቴፍሎኑን ጥያለሁ።» ደግ አድርገሻል፤ ውሃው ግን አልተቀየረም።

«ልጆቹን ላጥባቸው?» እጠቢያቸው። በቆዳ የሚገባው በጣም ትንሽ ነው።

«ጉድጓዴ የራሴ ነው፣ ንጹሕ ነው»

የ1974ቱ የፌዴራል የመጠጥ ውሃ ሕግ የግል ጉድጓድን አይመለከትም። በአብዛኛው ማንም መጥቶ አይመረምርላችሁም። ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የገዛ አንድ ወንድማችን የቤቱን ጣሪያ፣ ቦይለሩን፣ ምስጡን ሁሉ አስመርምሮ ውሃውን ረስቶት ነበር። «ስቴቱ አያይልኝም እንዴ?» አለኝ። አያይልህም አልኩት። የቧንቧ ውሃ የምትጠጡ ከሆነ ውሃውን የሚያቀርብላችሁ ድርጅት በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 የውሃ ጥራት ሪፖርት የማውጣት ግዴታ አለበት፤ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁት። ባለ ጉድጓድ ከሆናችሁ የስቴቱን ጤና ቢሮ ፈቃድ ያላቸውን ላቦራቶሪዎች ዝርዝር ጠይቁ። ወንድማችን ባለፈው ሳምንት ጠርሙሱን ተቀብሏል። ትናንት ማታ ደወለልኝ፦ «ጓንት ካላደረግኩ ይበላሻል ወይ?» አዎ፣ ጓንት አድርግ አልኩት።