ፓወር ፖፕ ምንድን ነው? የቢግ ስታርን የመጀመሪያ አልበም እያዳመጥን

ፓወር ፖፕ ጣፋጭ ዜማን ከኃይለኛ ኤሌክትሪክ ጊታር ጋር የሚያጣምር የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው። ዘፈኑ አጭር ነው። ቶሎ ወደ አዝማቹ ይገባል፤ አዝማቹም አንዴ ከሰሙት ከጆሮ አይወጣም። ሁለት ሦስት ሰው ድምፁን አደራርቦ ያዜማል። ከሥር ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙም ይደልቃል። ጩኸቱ ግን ዜማውን አይሸፍነውም፤ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል እንጂ። ከሃርድ ሮክ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ማለቂያ የሌለው የጊታር ሶሎና የጉልበት ማሳያ እዚህ ቦታ የላቸውም። ሁሉም ነገር ለዘፈኑ ነው የሚሠራው።

ቃሉን በ1967 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት የእንግሊዙ ባንድ የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንዘንድ ነው። እኛ የምንጫወተው ፓወር ፖፕ ነው አለ፤ የስሞል ፌስስንና የቢች ቦይስን የቀድሞ ሥራዎችም አብሮ ጠቀሰ። ሥሩ ግን ከሁሉም በላይ ቢትልስ ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባድፊንገርና ራስቤሪስ የተባሉ ባንዶች ስልቱን ይዘው መጡ። በ1979 ደግሞ የዘ ናክ ባንድ ዘፈን «ማይ ሻሮና» በአሜሪካ ለስድስት ሳምንታት አንደኛ ሆነ።

ፓወር ፖፕን ለማያውቅ ሰው አንድ አልበም ምረጥ ብባል ግን ከእነዚህ አንዱንም አልመርጥም። የምሰጠው በወጣበት ጊዜ የሚገዛው ያጣውን፣ በ1972 የወጣውን የቢግ ስታርን የመጀመሪያ አልበም «ነምበር ዋን ሪከርድ»ን ነው።

ባንዱ የተመሠረተው በ1971 በሜምፊስ፣ ቴነሲ ነው። አባላቱ አሌክስ ቺልተን፣ ክሪስ ቤል፣ አንዲ ሃመልና ጆዲ ስቲቨንስ ናቸው። ቺልተን ያኔ ገና ወጣት ቢሆንም ዝናን ቀምሶ ነበር። በ16 ዓመቱ ከቦክስ ቶፕስ ባንድ ጋር የዘፈነው «ዘ ሌተር» በ1967 የአሜሪካ አንደኛ ዘፈን ሆኗል። ቤል በአንጻሩ በስቱዲዮ ያደገ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የአርደንት ስቱዲዮ ባለቤት ጆን ፍራይ ለሠፈሩ ወጣቶች የቀረጻ ሙያ እያስተማረ፣ የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ስቱዲዮውን ይለቅላቸው ነበር። የአልበሙ ጥራት ከዚያ የመጣ ነው። እያንዳንዱ የጊታር ክር ለብቻው ይሰማል፤ ከ50 ዓመት በኋላም ድምፁ አላረጀም። የባንዱ ስም ደግሞ ከስቱዲዮው አጠገብ ከነበረ የሱፐርማርኬት ሰሌዳ የተወሰደ ነው።

አልበሙን የሚከፍተው «ፊል» ነው። ቤል ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ ይጮኻል፤ መሃል ላይ የሜምፊስን ሶል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ፣ የሚያስታውስ የሳክስፎን ጨዋታ ብቅ ይላል። ወዲያው «ዘ ባላድ ኦፍ ኤል ጉዶ» ይከተላል። እዚህ ቺልተን ቀስ ብሎ ይጀምራል። ብዙ ነገር ተደርቦበት፣ ግን አልንበረከክም ያለ ሰው ዘፈን ነው። አዝማቹ ላይ ድምፆቹ አንድ በአንድ ይደራረባሉ፤ ጊታሩም እንደ ደወል ያስተጋባል። እኔ በዚህ ስልት ከተሠሩት ሁሉ ይህን የሚያህል አዝማች አላውቅም። «ኢን ዘ ስትሪት» ደግሞ የሚሠራው ያጣ ወጣት በመኪና ከጓደኞቹ ጋር ከተማዋን ሲዞር ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም፣ አያስፈልገውምም።

ከዚያ «ሰርቲን» አለ። ድራም የለም፤ አኩስቲክ ጊታርና ድምፅ ብቻ። አንድ ልጅ የሚወዳትን ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ልሸኝሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ጉልበት የሌለው ዘፈን እንዴት ፓወር ፖፕ ይባላል የሚል ይኖራል። ለእኔ ግን የስልቱን ምስጢር የሚያሳየው እሱ ነው። ጩኸቱን ሁሉ ብታወጣው ዜማው ብቻውን መቆም አለበት። በዚህ አልበም ያሉት ዘፈኖች ይቆማሉ። ደግሞም ደስ የሚል ዜማ ውስጥ ኀዘን ተደብቋል። ቤልና ቺልተን ስለ ፍቅር ሲዘፍኑ ፍቅሩ ነገ እንደሚያልፍ የሚያውቁ ይመስላሉ። ይህ ስሜት ሲጠፋ ፓወር ፖፕ ተራ የደስታ ዘፈን ሆኖ ይቀራል።

የሸክላውን የመጀመሪያ ገጽ የሚዘጋው «ዘ ኢንዲያ ሶንግ» ከሌሎቹ ይቀላል ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛው ገጽ ይረጋል፤ «ዋች ዘ ሰንራይዝ» ሲመጣ ግን ሁሉም ይካሳል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ለምን ሳይደመጥ ቀረ? ጥፋቱ የዘፈኖቹ አልነበረም። ተቺዎች ሲወጣ አወድሰውታል። ያከፋፈለው ኦቲስ ሬዲንግንና አይዛክ ሄይስን ያወጣው ስታክስ ነበር። ስታክስ የሶል ሙዚቃ ቤት ነው፤ የነጭ ወጣቶችን ሮክ የት ወስዶ እንደሚሸጥ በቅጡ አላወቀበትም። ዘፈኑን ወዶ ወደ ሱቅ የሄደ ሰው ሸክላውን አያገኘውም። ስታክስ የማከፋፈሉን ሥራ ለኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ ሲሰጥም ነገሩ አልተሻሻለም። መጀመሪያ ላይ የተሸጠው ከ10 ሺህ ቅጂ በታች ነው። አልበሙን አንደኛ ብሎ ለሰየመ ባንድ ይህ መራራ ነው። ከሁሉም በላይ የተጎዳው ቤል ነበር፤ 1972 ሳያልቅ ባንዱን ለቀቀ።

ሸክላው የደረሳቸው ጥቂቶች ግን ሙዚቀኞች ሆኑ። አር ኢ ኤም፣ ሪፕሌስመንትስና የስኮትላንዱ ቲኔጅ ፋንክለብ ከቢግ ስታር እንደተማሩ ደጋግመው ተናግረዋል። ሪፕሌስመንትስ በ1987 በቺልተን ስም ዘፈን አውጥተዋል። «ኢን ዘ ስትሪት»ም በ1998 በሌላ ዘፋኝ ተዘፍኖ የአንድ አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መክፈቻ ሆነ። ቺልተን ይህን ሁሉ አይቶ በ2010 አረፈ። ቤል አላየም። በታኅሣሥ 1978 በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

አልበሙን ከወደዳችሁት ቀጥሎ በ1974 የወጣውን «ሬዲዮ ሲቲ»ን ስሙ፤ ሻካራ ነው፣ «ሴፕቴምበር ገርልስ» ግን እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ቤል ተመለሱ። ለብቻው የሠራው «አይ አም ዘ ኮስሞስ» በነጠላ ሸክላ የወጣው በሞተበት ዓመት ነበር። ሙሉ አልበሙ ለአድማጭ የደረሰው በ1992 ነው።